አምስት ገቢ በአንድ ሳምንት ሲቆም፦ የአንዲት የደሴ ድምጻዊት የሥራ ጉዳይ

ጉዳዩ ለምን ተጻፈ

ደሴ ውስጥ የአነስተኛ ነጋዴዎችን ሒሳብ እይዛለሁ። ደንበኞቼ ሱቆች፣ ጋራዦችና ዳቦ ቤቶች ናቸው። ከመካከላቸው ሙዚቀኛ አንዲት ብቻ ናት። የእሷ ጉዳይ ግን ከሌሎቹ ሁሉ የበለጠ አስተምሮኛል። የገጠማት ችግር ከስንፍና ወይም ከችሎታ ማነስ የመጣ አልነበረም። ጎበዝ ናት፣ ሥራ ወዳድ ናት፣ ገቢዋም ከአንድ ቦታ ብቻ አልነበረም። እንዲያም ሆኖ በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ባዶ እጇን ቀርታለች። ሦስተኛው ችግር ሲመጣ ግን ቤት ኪራይዋን እየከፈለች አለፈችው። በመካከሉ የተደረገውን ነው እዚህ የምጽፈው።

ታሪኩን እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች። ስሟን፣ ሰፈሯንና የዘፈኖቿን ርዕስ ትቻለሁ። ገንዘቡንም በብር ሳይሆን በድርሻ ነው የምገልጸው።

የኋላ ታሪክ

የተወለደችው ከደሴ ወጣ ብሎ በኩታበር በኩል ነው። ያደገችው ደሴ ነው። ክራር ያስተማራት አጎቷ ሲሆን እሱ ራሱ ልብስ ሰፊ ነበር። ትምህርት ቤት በሚኒ ሚዲያ ጀመረች፤ ከዚያ የጎረቤት ሰርግ፣ ከዚያ የማታውቀው ሰው ሰርግ።

ወሎ ለሙዚቃ ምን እንደሆነ ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ከአራቱ ዋና ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የዚሁ አካባቢ ስሞች ናቸው። ትዝታም ቢሆን ያለ ወሎ አይነሳም። በደርግ ዘመን የወሎ ላሊበላ ኪነት የሚባል ቡድን ነበር፤ ማሪቱ ለገሰን ያወጣው እሱ ነው። ቡድኑ የሚተዳደረው በመንግሥት ሥር ነበር። ዛሬም በመንግሥት ሥር ያሉ የባህል ቡድኖች አሉ፤ ግን ስንት ሰው ይይዛሉ? አብዛኛው የዛሬ ወጣት ድምጻዊ ራሱ ቀጣሪ፣ ራሱ ተቀጣሪ፣ ራሱ ገንዘብ ያዥ ነው። ቅኝቱን የሚያስተምረው አያጣም። ሒሳቡን የሚያስተምረው ግን የለም። ይህ ነገር ከልቤ ያሳስበኛል።

ድምጻዊቷ 2011 ላይ ስትደርስ ገቢዋ ከአምስት ቦታ ነበር። ትልቁ ሰርግ ነው። ቅዳሜና እሑድ ማታ ደሴ አንድ ሆቴል ትዘፍናለች። በሳምንቱ መካከል ኮምቦልቻ ወርዳ ሌላ ሆቴል ትሠራለች። ክረምት ሲገባ የተማሪዎች ምርቃት አለ። በበዓል ሰሞን ደግሞ ባዛርና የአዳራሽ ዝግጅት። በዚህ ሁሉ ላይ ሽልማት ይጨመራል፤ ጥሩ ሰርግ ላይ ሽልማቱ ከዋናው ክፍያ ሊበልጥ ይችላል። 2009 ላይ ያወጣችው አንድ ነጠላ ዜማም ስሟን በአካባቢው አስተዋውቆላታል።

ብዙ ሰው «አንዱ ሲጎድል በሌላው እሞላዋለሁ» የሚለው እንዲህ ያለውን ነው። እሷም እንደዚያ ታስብ ነበር።

ችግሩ

መጋቢት 2012 ላይ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አዲስ አበባ ተገኘ። ጥቂት ቆይቶ መሰብሰብ ተከለከለ። ሰርጉ ቀረ፣ ሆቴሉ ተዘጋ፣ ምርቃቱ ቀረ፣ ባዛሩም ቀረ። አምስቱ ገቢ በአንድ ሳምንት ቆመ። እንዲያውም የሰርግ ቀብድ ተቀብላ ነበርና ልትመልስ ግድ ሆነ። ገንዘቡን አውጥታው ስለነበር ወርቋን ሸጣ መለሰች።

ከዚያ የተማረችው ትምህርት «ሌላ ገቢ ልጨምር» የሚል ነበር። 2013 ላይ ዕቁብ ሲደርሳት ሳውንድ ሲስተም ገዛች፦ ሞንታርቦ፣ ሚክሰር፣ ማይክ፣ አነስተኛ ጄኔሬተር። ሐሳቡ «እኔ ባልዘፍን ዕቃው ይከራያል» የሚል ነው። ሲሰሙት ብልህ ሐሳብ ይመስላል። ዕቃው ግን የሚከራየው ለማን ነው? ለሰርግ፣ ለምርቃት፣ ለባዛር። ሰው ካልተሰበሰበ ድምጻዊትም አትፈለግም፣ ሞንታርቦም አይፈለግም። በላዩ የጥገናው ወጪ አለ። መብራት ሄዶ ሲመለስ አንድ ጊዜ ሚክሰሩን አቃጥሎታል።

ጥቅምት 2014 ላይ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ። እናቷን ይዛ አዲስ አበባ ገባች። የያዘችው ክራሯንና ዘፈኖቿ ያሉበትን ሃርድ ዲስክ ነው። ኅዳር መጨረሻ ላይ መንገዱ ሲከፈት ተመለሰች። የዕቃ ቤቱ በር ተሰብሮ ነበር። ጄኔሬተሩና ሚክሰሩ የሉም፤ ከሞንታርቦዎቹም የቀረው አንድ ብቻ ነው። የዕቁቡ ዙር ግን ገና አላለቀም፤ መክፈሏን መቀጠል ነበረባት።

እኔ ዘንድ የመጣችው ከዚህ በኋላ ነው። «ጋሼ፣ እባክዎ ሒሳቤን ይዩልኝ። ሠርቼ የማላድረው ለምን እንደሆነ ልወቀው» አለችኝ። ደብተር ነበራት። የተጻፈበት ግን የሰርግ ቀንና የደዋዩ ስልክ ብቻ ነው። ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ለኪቦርዲስቱ ስንት ተከፈለ የሚል የለም። ሽልማቱማ ጭራሽ ተቆጥሮ አያውቅም። ሌሊት ሲመለሱ መኪና ውስጥ ይከፋፈሉታል፤ የእሷ ድርሻ ቦርሳዋ ውስጥ ይገባና በማግስቱ ገበያ ያልቃል።

ገቢን በሚያቆመው ነገር መለየት

መጀመሪያ የሠራነው አንድ ሠንጠረዥ ነው። ወደ ታች የገቢ ዓይነቶቿን ጻፍን። ወደ ጎን ደግሞ ገቢን የሚያቆሙ ነገሮችን፦ ጾምና ረመዳን፣ ሰዓት እላፊ፣ መንገድ፣ መብራት፣ ኔትወርክ፣ ጉሮሮ፣ የአንድ ሰው ፈቃድ። ከዚያ እያንዳንዱ ገቢ በየትኛው እንደሚቆም ምልክት አደረግን።

ሠንጠረዡ ሲሞላ ሰዓት እላፊ የሚለው ረድፍ ከላይ እስከ ታች ምልክት ብቻ ሆነ። ከኪራዩ ዕቃ በቀር ጉሮሮ የሚለውም ያው ነው። የኪራዩ ዕቃ እንኳን በሰዓት እላፊ ይቆማል። አምስት፣ ኋላም ስድስት ገቢ ያለችው ሴት ባሕርዩን ስናየው አንድ ገቢ ነበራት፦ ሰው ማታ ሲሰበሰብ የሚከፈል ገንዘብ። ከጉዳዩ ሁሉ የምይዘው ይህን ነው። ለዘላቂነት የገቢ ብዛት ብቻውን አይበቃም። ገቢዎቹ የሚቆሙበት ምክንያት መለያየት አለበት።

ጾሙም ያልታሰበ ነገር አሳየን። ደሴ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ የሚኖርባት ከተማ ናት፤ የምትዘፍነውም ለሁለቱም ሰርግ ነው። መሣሪያ የማይፈልግ ቤተሰብ ሲገጥማት በድቤና በጭብጨባ ብቻ ትሠራለች። ስለዚህ «ዐቢይ ጾም ሲገባ የሙስሊሙ ሰርግ ይዞኛል፤ ረመዳን ሲገባ የክርስቲያኑ» ትል ነበር። ድሮ ልክ ነበረች። የሒጅራ ዓመት ግን ከእኛው በ11 ቀን ገደማ ያጥራል፤ ረመዳን በየዓመቱ ያን ያህል ቀደም ብሎ ይገባል። ከ2013 ጀምሮ አብዛኛው ረመዳን ዐቢይ ጾም ውስጥ ወደቀ። በ2017 ሁለቱም የካቲት ውስጥ በአንድ ሳምንት ጀመሩ። ሁለቱ ሰርጎች አብረው የሚቆሙበት ወቅት ስለመጣ የጥርን ገንዘብ እስከ ፋሲካና እስከ ዒድ ማድረስ ግዴታ ሆነ።

ክራር ማስተማር

ከሠንጠረዡ በኋላ የፈለግነው ቀን የሚሠራ፣ በእግር የሚደረስ፣ ኔትወርክ የማይፈልግ ሥራ ነው። እሱ ማስተማር ሆነ። የአንድ አጸደ ሕፃናት አንድ ክፍል ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ተከራየች። ክፍያው በየወሩ መጀመሪያ ነው።

ቀላል አልነበረም። መጀመሪያ የመጡ ወላጆች «ልጄን አዝማሪ ልታደርጊው ነው?» ብለዋታል። ይህ ንግግር በ2014ም መኖሩ ያሳዝናል። ቅኝት የፈጠረ ሕዝብ ቅኝት ለሚያውቅ ልጅ ሊኮራ በተገባው ነበር። እሷ ግን አልተቀየመችም። ልጆቹን ለትምህርት ቤታቸው የወላጆች ቀን የሚሆን አንድ ዜማ አስጠናቻቸው። ልጁ መድረክ ላይ ወጥቶ ሲጫወት ያየ ወላጅ በሚቀጥለው ወር የልጁን ታናሽ እህት ይዞ መጣ።

አንድ ቅዳሜ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጬ አይቻለሁ። ስምንት ዓመት የሚሆነው ልጅ ክራሩን ጭኑ ላይ አስደግፎ ይቃኛል። እሷ ዜማውን በከንፈሯ ብቻ ታዜምለታለች፤ እጇን አታስጠጋም። አንዷ ክር ወጣ ትላለች፣ ይመልሳታል፣ አሁንም ወጣ ትላለች። «አትቸኩል፣ አብሽር፣ ጆሮህ ይነግርሃል» ትለዋለች። ልጁ ክሯን ካገኛት በኋላ ያለ ማንም ትእዛዝ ደግሞ ደጋግሞ መታት። ይህን ሳይ ገቢ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ፤ ነገ ሰርጉን የሚያደምቀው ሰው እዚህ ነው የሚበቅለው።

ክራር የሚሠራ ባለሙያ ጋር ተነጋግራ ለተማሪዎቿ ክራርና ክር ማቅረብም ጀመረች። ትርፉ ትንሽ ነው፤ በጾም ወቅት ግን ትንሹም ያስፈልጋል።

የሰርግ ውል

ከሁሉም ያስቸገረው ይህ ነው፤ ምክንያቱ ይሉኝታ ነው። ሰርግ በቃል ነው የሚያዘው። ሰዓቱ አይወሰንም፤ «እስኪበቃን» ነው። ቀብዱ ስንት እንደሆነ፣ ቢቀር ምን እንደሚሆን አይነገርም።

አንድ ገጽ ውል ጻፍን። ቀን፣ ቦታ፣ የሚጀመርበትና የሚያበቃበት ሰዓት፣ የሙዚቀኞች ቁጥር፣ የመመለሻ መኪና በማን እንደሆነ። ግማሹ በቀብድ ይከፈላል። ለቅሶ ከገጠመ ቀብዱ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል። ሰዓት እላፊ ወይም የመንገድ መዘጋት ከገጠመ ቀኑ አንድ ጊዜ ያለ ጭማሪ ይዛወራል። በሌላ ምክንያት በመጨረሻው ሳምንት ከቀረ ቀብዱ አይመለስም። ቀብዱ የሚቀመጠውም ለብቻው በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ነው፤ ሰርጉ እስኪያልፍ አይነካም። በ2012 ወርቅ ያሸጣት የዚህ አለመኖር ነው።

የመጀመሪያውን ውል ስታስፈርም ነበርኩ። የሙሽራው አጎት ወረቀቱን አገላብጠው «እህቴ፣ ለሰርግ ደግሞ ውል ምንድን ነው?» አሉ። «ጋሼ፣ ድንገት ሰዓት እላፊ ቢታወጅ ቀብድዎ ምን ይሆናል? ተጽፎ ቢቀመጥ ለእርስዎም ይሻላል» አለቻቸው። ትንሽ ዝም አሉና «ለቅሶስ ቢገጥመን?» ሲሉ ጠየቁ። መስመሩን በጣቷ አሳየቻቸው። አነበቡት፤ ከዚያ «ይሄ ይሄ ደግ ነው» ብለው ፈረሙ። ከዚያ ወዲህ የለቅሶውን መስመር ከላይ አደረግነው። ሰው እሱን ሲያይ ወረቀቱ እሱንም የሚጠብቅ መሆኑን ያምናል።

የትእዛዝ ዘፈን

ከወሎ ወደ ዓረብ አገር የሄደው ሰው ብዙ ነው። ሪያድ ያለች እህት ለወንድሟ ሰርግ መምጣት ካልቻለች ምን ታደርጋለች? ገንዘብ ትልካለች። ድምጻዊቷ አንድ ነገር ጨመረችላት፦ የሙሽሮቹ ስም፣ የእናትና የአባት ስም፣ የእህትየው ናፍቆት ያለበት የሦስት ደቂቃ ዘፈን፣ በሰርጉ ዕለት የሚከፈት።

ዜማው የሕዝብ ነው፤ ግጥሙን ራሷ ትገጥማለች። የምትቀዳው ቤቷ ነው። ቁም ሳጥኑን ትከፍትና ሁለት ጋቢና አንድ ብርድ ልብስ በዙሪያው ትሰቅላለች፤ ማይኩን መሃሉ ታቆማለች። ባጃጅ ሳይነሳ፣ ጎህ ሳይቀድ ነው የምትቀዳው። ስቱዲዮ አያክልም፤ ለዚህ ሥራ ግን ይበቃል። ክፍያው ሙሉ በሙሉ በቅድሚያ ነው፤ ደሴ ያለው ቤተሰብ በቴሌብር ይከፍላታል። ዘፈኑን በቴሌግራም ትልካለች።

ደረሰኝ

ሒሳብ ያዥ ስለሆንኩ ይሆናል ይህኛው ክፍል ደስ ይለኛል። ኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ከተማ ናት። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ የቢራ ፋብሪካው፣ በ2009 የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። ፋብሪካዎች ለሠራተኞቻቸው የሚያዘጋጁት ዝግጅት ብዙ ጊዜ ቀን ነው። እሷ ግን ድርጅት ሲጠራት ሥራው ያመልጣት ነበር፤ ደረሰኝ ስለሌላት። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የንግድ ፈቃድ ላላቀረበ አቅራቢ ከክፍያው 30 በመቶ ይቆረጥ ነበር። ላቀረበ ሰው ተቀናሹ በዚያን ጊዜ 2 በመቶ ነበር። ልዩነቱን ላየ ሰው ንግድ ፈቃድ ማውጣት አያከራክርም። አወጣች፤ ደረሰኝም አሳተመች። ከዚያ ወዲህ ከድርጅት የምትሠራው ሥራ ጨመረ፤ ለኤፍ ኤም ጣቢያዎች የማስታወቂያ ዜማም ለሱቆችና ለመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛዎች መሥራት ጀመረች። ድርጅት ቶሎ አይከፍልም፤ ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያስጠብቃል። ስለዚህ ይህን ገቢ ለቤት ኪራይ አናስበውም።

ያልሠራው

ትልቁ ኪሳራ ክሊፕ ነው። በ2015 መጀመሪያ ላይ ጥሩ ካሜራ፣ ተወዛዋዦች፣ ሐይቅ ዳር ቀረጻ ያለበት ክሊፕ አሠራች። ወጪው ከአንድ የሰርግ ወቅት ገቢ ግማሽ ያህል በላ። ተመልካቹ ጥሩ ነበር። ገንዘቡ ግን አልመጣም። ዩቲዩብ ከማስታወቂያ ለመክፈል ቢያንስ 1,000 ተከታይና በ12 ወር ውስጥ 4,000 የዕይታ ሰዓት ይጠይቃል፤ ክፍያውም 100 ዶላር ሳይሞላ አይላክም። ቻናሉ የተከፈተው ውጭ አገር ባለች የአክስቷ ልጅ ስም ነው። ስለዚህ ሠንጠረዡ ላይ «የአንድ ሰው ፈቃድ» የሚለው ምልክት አለበት። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የምታገኘው ጥቂት ዶላር በብር ሲመነዘር ወፈር አለ። ያው በዚያው ልክ የማይኩና የኬብሉ ዋጋ ወጣ።

ክሊፕ ከንቱ ነው አልልም። ክሊፕ ሰው ሰርግ ላይ እንዲጠራሽ ያደርጋል። ለዚያ ግን ያን ያህል ወጪ አያስፈልግም። ከዚያ በኋላ ያወጣቻቸው ሥራዎች ክራርና ድምጽ ብቻ፣ በአንድ ካሜራ፣ የጦሳ ተራራን ከኋላ አድርገው የተቀረጹ ናቸው። ለሰርግ ጥሪ የፈየዱት ከትልቁ ክሊፕ ያነሰ አይደለም።

የሳውንድ ሲስተሙን ኪራይ መልሰን አልጀመርነውም። የቀረውን አንድ ሞንታርቦ ለማስተማሪያ አደረገችው።

የመብት ጉዳይ

2009 ላይ የወጣው ነጠላ ዜማ ግጥሙ የአንድ ሰው፣ ቅንብሩ የሌላ ሰው ነው። ወረቀት የለም፤ የተሠራው በጓደኝነት ነበር። ዘፈኑ ሲታወቅ የግጥሙ ባለቤት ለሌላ ቻናል ፈቀደ። ያ ቻናል ዘፈኑን በአከፋፋይ (ዘፈን ወደ ኢንተርኔት መድረኮች በሚያደርስ ድርጅት) በኩል ስላስመዘገበው እሷ በራሷ ገጽ ስትጭነው የዩቲዩብ ማሽን የራሷን ድምጽ የሌላ ሰው ንብረት ነው ብሎ ያዘው።

ሕጉ ምን ይላል? የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 የተሻሻለው፣ ሥራው ከተፈጠረና ከተቀረጸ ጀምሮ ይጠብቀዋል። ለጥበቃው ምዝገባ ቅድመ ሁኔታ አይደለም። የግጥምና የዜማ ደራሲው የኢኮኖሚ መብት ዕድሜውን ሙሉና ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። የከዋኙ፣ ማለትም የሚዘፍነው ወይም የሚጫወተው ሰው፣ እና የድምጽ ሪከርዲንግ አሠሪው መብትም 50 ዓመት ነው። የኢኮኖሚ መብት ማስተላለፍ ደግሞ በጽሑፍ መሆን አለበት። ይህ ማለት ባለ ግጥሙ ግጥሙን መፍቀድ ይችላል፤ የእሷን ድምጽ ግን በእሷ ፋንታ ሊሰጥ አይችልም። እሷም ግጥሙን የራሷ ማድረግ አትችልም። ሁለቱም በከፊል ልክ ናቸው፤ ለዚህ ነው የከበደው።

ከዚያ ወዲህ አንድም ዘፈን ያለ ወረቀት አልወጣም። ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር፣ ድምጽ፦ የእያንዳንዱ ድርሻ በመቶኛ ተጽፎ ሁሉም ይፈርማል። ስቱዲዮ ከመገባቱ በፊት ነው የሚፈረመው፤ ዘፈኑ ከታወቀ በኋላማ የሁሉም ዓይን ይከፈታል። የሕዝብ ዜማ ሲሆንም «ዜማ፦ ሕዝብ» ብላ ትጽፋለች። ለእያንዳንዱ ቅጂ በአከፋፋዩ በኩል አይ ኤስ አር ሲ የሚባለውን መለያ ኮድ ታወጣለች። 12 ፊደልና ቁጥር ያለው ነው፤ ዘፈኑ የትም ቢሄድ የትኛው ቅጂ እንደሆነ የሚታወቀው በእሱ ነው።

አዲስ አበባ ያለ አንድ አሳታሚ የአልበም ውል አቅርቦላትም ነበር። ቅድሚያ ክፍያው ያጓጓል። ውሉ ግን የድሮም የወደፊትም ሥራዎቿን ሁሉ ያለ ጊዜ ገደብ የሚያስተላልፍ ነበር። ለአንድ አልበም፣ ለተወሰነ ዓመት ይሁን ብላ መለሰች። ድርድሩ እዚያ ላይ ቆመ። ብዙ ሰው «ዕድሏን ገፋች» ብሏታል፤ እኔ እንደዚያ አላይም።

ሦስተኛው ፈተና

ሐምሌ መጨረሻ 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለረጅም ወራትም አልተመለሰም። የማታ ሥራ ቆመ። ወደ ገጠር መሄድ ቀረ።

ሰርጉና ሆቴሉ እንደ 2012ቱ ወደቁ። ማስተማሩ ግን ቀጠለ። እንዲያውም ተማሪ ጨመረ፤ ልጆች ቤት ውስጥ ስለዋሉ ወላጅ የሚልክበት ቦታ ይፈልግ ነበር። የትእዛዝ ዘፈኑ ኔትወርክ ሲጠፋ ግማሹ ቀረ። ግማሹን ያተረፈችው ስልክ ነው። ውጭ ያለው ደንበኛ ደውሎ ስሞቹን በቃል ያስጽፋታል፤ ዘፈኑን በፍላሽ ገልብጣ ደሴ ላለው ቤተሰብ በእጇ ትሰጣለች። ማታ የነበሩ ሰርጎች ቀን ሲሆኑ ውሉ ቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበርና ጭቅጭቅ አልተፈጠረም።

ገቢዋ ከቀድሞው ግማሽ በታች ወርዷል። ይህን መደበቅ አልፈልግም። ከባድ ወራት ነበሩ። ግን ወርቅ አልሸጠችም፣ አልተበደረችም፣ ኪቦርዲስቷንም አላሰናበተችም።

ሌላው ሙያተኛ የሚወስደው

ሠንጠረዡን ማንም ሊሠራው ይችላል። አንድ ወረቀት ይበቃል። ደሴ ያለ ሠዓሊም፣ ኮምቦልቻ ያለ ፎቶ አንሺም፣ ዲጄም ይሞክረው። «የሚያቆመው ነገር» የሚለውን ረድፍ እንደየሙያችሁ ለውጡት። አዲስ ገቢ ከመጨመራችሁ በፊት ምልክቱ የት እንደሚያርፍ እዩ። የድሮው ምልክት ላይ ካረፈ እንደ ሳውንድ ሲስተሙ ይሆናል።

ሽልማትን ቁጠሩ። መኪና ውስጥ ስትከፋፈሉ አንድ ሰው ስልኩ ላይ ይጻፈው። እሷ ስትቆጥር ከዓመት ገቢዋ ሢሶ ያህሉ ሽልማት ሆኖ ተገኘ፤ ከዚያ በፊት ይህ ገንዘብ እንደሌለ ነበር። አሁን ከሽልማቱ ግማሹ ሰኞ ጠዋት ባንክ ይገባል። የጾሙን ወራት የሚያሻግረው እሱ ነው።

ውል ስትጽፉ የአካባቢውን ሰው ስጋት ቀድማችሁ ጻፉ። ከሌላ ቦታ የተቀዳ ውል ስለ ለቅሶ አያወራም። እኛ አገር ግን የሰርጉ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያስበው እሱን ነው።

ያልተፈታው

ጉሮሮ የሚለው ረድፍ አሁንም አስቸጋሪ ነው። በ2017 ጾም ሰሞን ድምጿ ሻከረባት። ሐኪም ለሳምንታት እንዳትዘፍን አዘዛት። ወቅቱ ሰርግ የሌለበት መሆኑ ጠቀማት፤ ክራሩን ግን በእጇ ስላስተማረች ክፍሉ አልተዘጋም። ከዚያ በኋላ ከተማሪዎቿ አንዷን፣ ድምጿ ጥሩ የሆነ ወጣት፣ ሰርግ ላይ ይዛት መውጣት ጀምራለች። ልጅቷ የተወሰነ ሰዓት ትዘፍናለች፤ ድርሻዋም ተጽፎ ይከፈላታል። ቤተሰቦች ግን «እኛ የጠራነው አንቺን ነው» ይላሉ። ስለዚህ ውሉ ላይ ሁለት ድምጻውያን እንደሚመጡ ከመጀመሪያው መጻፍ ጀምረናል። እስካሁን አንዳንዱ ይቀበላል፣ አንዳንዱ ዋጋ ቀንሺ ይላል።

የ2009ኙ ዘፈንም አላለቀም። ከባለ ግጥሙ ጋር ሁለቱን የሚያውቁ ሽማግሌ ፒያሳ አንድ ቡና ቤት አገናኝተዋቸዋል። ድርሻውን በመቶኛ ተስማምተዋል። አቀናባሪው ግን አሁን የሚኖረው ሌላ ከተማ ነው፤ የእሱ ፊርማ ገና አልመጣም።